«የእኛ ልብ ለእኛ ብቻ» ላሉን ጸሐፊ

ሰሞኑን ሐዋሳ ውስጥ ቴሌግራም ለሚጠቀም ሰው ሁሉ አንዲት ጽሑፍ ሳትደርሰው አልቀረችም። ርዕሷ «የእኛ ልብ ለእኛ ብቻ» ይላል። ለእኔም ከየአቅጣጫው ተልካልኛለች። አንዱ «እውነት ነው?» ብሎ፣ ሌላው «ይኸው፣ ብዬህ አልነበር?» ብሎ። ላቦራቶሪ ስለምሠራ ነው። የአንዱ ደም ለሌላው ይስማማል ወይስ አይስማማም የሚለውን ማየት የዕለት እንጀራዬ ነው። የልብ ቀዶ ጥገና ሐኪም አይደለሁም። ጽሑፏ የሳተችው ግን ቀዶ ጥገናው ላይ ሳይሆን እኔ በማውቀው በኩል ነው።

አስቀድሜ ጸሐፊው ያሉትን ሳላዛባ ላስቀምጥ። ልብ የሚተከልለት ሰው ከለጋሹ ጋር በህብረ ህዋስ ካልተመሳሰለ ሰውነቱ ልቡን አይቀበልም ይላሉ። የሚመሳሰለው ዘመድ ነው፤ እሱ ቢጠፋ የአገር ልጅ። ስለዚህ ሐበሻ ባሕር ተሻግሮ የባዳ ልብ ማስተከሉ ገንዘብ መበተን ነው። የደም ዓይነትም ፖዘቲቭ ኔጌቲቩ ሳይቀር አንድ መሆን አለበት። ሴቶች በተፈጥሯቸው እንግዳ አካል አይቀበሉም። የተተከለለት ሰው ዕድሜ ልኩን መድኃኒት መዋጡ ልቡ እንዳልተስማማው ማረጋገጫ ነው። በዓለም የመጀመሪያው ታካሚ በ18 ቀኑ የሞተውም በዚሁ ምክንያት ነው። በመጨረሻም የአሳማ ልብ ስለመጣ የህብረ ህዋስ ጣጣ አብቅቷል ይሉናል።

ከዘመዱ ልጀምር። ለኩላሊት ከሆነ ዘመድ እውነትም ዘመድ ነው። ሰው ሁለት ኩላሊት አለው፤ አንዱን ሰጥቶ በሌላው ይኖራል። አዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረው የኩላሊት ንቅለ ተከላም በሕይወት ያለ ዘመድ በሚሰጠው ኩላሊት ነው። ልብ ግን አንድ ነው። ወንድም ልቡን ሰጥቶ እሱ በምን ሊኖር ነው? ልብ የሚገኘው ከሞተ ሰው ነው። አብዛኛውን ጊዜ አንጎሉ ሙሉ በሙሉ ሞቶ መተንፈሻ ማሽን ላይ ካለ ሰው ነው። ያ ሰው የታካሚው ወንድም ሆኖ፣ ለዚያውም በዚያው ሰሞን እስኪገኝ የሚጠብቅ ሐኪም የለም። (ለነገሩ በቁሙ ልቡን የሰጠ ሰው አለ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ሳንባቸው ለተበላሸ ሰዎች ልብና ሳንባ አንድ ላይ ሲተከል፣ ጤነኛ የነበረው የራሳቸው ልብ ለሌላ ታካሚ ይሰጥ ነበር። እዚያም ቢሆን ተቀባዩ የሚመረጠው በዝምድና አይደለም።)

መመሳሰል የሚባለውን ነገር ጸሐፊው ከኪሳቸው አላወጡትም። በሴሎቻችን ላይ «ይህ የእኔ ነው» የሚያሰኙ ፕሮቲኖች አሉ፤ ኤችኤልኤ ይባላሉ። የመጀመሪያውን ፈረንሳዊው ዣን ዶሴ እ.ኤ.አ. በ1958 ገለጸ፤ በ1980 ለዚሁ ሥራ ኖቤል ከተጋሩት ሦስት ሰዎች አንዱ ሆነ። የሚወረሱት በ6ኛው ክሮሞሶም ነው፤ ግማሹ ከአባት፣ ግማሹ ከእናት። ስለዚህ የአንድ እናትና አባት ልጆች እንኳ ሙሉ በሙሉ የመመሳሰል ዕድላቸው ከአራት አንድ ነው። የአጥንት መቅኔ ንቅለ ተከላ ላይ ይህ የሞት ሽረት ጉዳይ ነው። እዚያ የሚተከለው ራሱ የበሽታ መከላከያው ስለሆነ፣ ካልተቀራረበ ዞሮ የተቀባዩን ቆዳ፣ ጉበትና አንጀት ያጠቃል። ለመቅኔ መጀመሪያ ወንድምና እህት፣ ካልሆነም የዘር ሐረጉ የሚቀራረብ ሰው መፈለጉ ልክ ነው። ጸሐፊው ያነበቡት ስለ መቅኔ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ አንስተው ልብ ላይ ለጠፉት።

ልብ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ከደረት የወጣ ልብ በበረዶ ቀዝቅዞ የሚቆየው 4 ሰዓት ገደማ ነው። ኩላሊት አንድ ቀን ሙሉና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። ኩላሊት የሚጠብቅ ሰው ዲያሊስስ (የኩላሊት እጥበት) እያደረገ የሚሻለውን ይጠብቃል። ልቡ የደከመ ሰው፣ የልብ አጋዥ ፓምፕ ካልተገጠመለት፣ ያን ያህል ጊዜ የለውም። ስለዚህ ምርጫው የሚሄደው በደም ዓይነት፣ በሰውነት መጠን፣ በርቀትና በሕመሙ ክብደት ነው። የሰውነት መጠን ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። 45 ኪሎ ከምትመዝን ሴት የመጣ ልብ 90 ኪሎ ለሚመዝን ወንድ ደም ልግፋ ቢል ይደክማል።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው አንድ ነገር ልስጥ። ብዙ ሺህ ታካሚዎችን የተከታተሉ ጥናቶች፣ በኤችኤልኤ ይበልጥ የተቀራረበ ልብ ያገኙ ሰዎች በመጠኑ የተሻለ እንደሚኖሩ አሳይተዋል። መመሳሰል ይጠቅማል። ግን «ቢገኝ ጥሩ ነው» እና «ካልተገኘ አይሆንም» የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ዛሬ በየዓመቱ በዓለም ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ልቦች ይተከላሉ፤ አብዛኞቹ በኤችኤልኤ የማይመሳሰሉ ናቸው። የጸሐፊው አባባል እውነት ቢሆን ኖሮ እነዚህ ሁሉ ሰዎች ገና ከሆስፒታል ሳይወጡ ባለቁ ነበር።

የዘሩን ጉዳይ ግን እንዲሁ ማለፍ አልችልም። ሐዋሳ ውስጥ አንድ ግቢ ስትገባ ሲዳማው፣ ወላይታው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ኦሮሞው ጎን ለጎን ተከራይቶ ታገኛለህ። ባለፈው ለታመመ ጎረቤቱ ደም ሊሰጥ የመጣ ልጅ እጅጌውን እየሰበሰበ «ግን የእኔ ደም ለሱ ይሆናል እንዴ? ዘራችን እኮ አይገናኝም» አለኝ። ጽሑፏን አንብቦ ይሁን አልጠየቅሁትም። እሱ ኤ ፖዘቲቭ ነው፣ ታካሚውም ኤ ፖዘቲቭ። ተመረመረ፣ ተስማማ፣ ተሰጠ። እንዲያውም ከወላጅ ወይም ከወንድም የተወሰደ ደም ከባዳ ደም ይልቅ የሚያሰጋበት ጊዜ አለ። በጣም ስለሚመሳሰል የታካሚው ሰውነት የለጋሹን ነጭ የደም ሴሎች እንደ እንግዳ አያያቸውም። እነሱ ግን እሱን እንደ እንግዳ አይተው ያጠቁታል። የሚከሰተው አልፎ አልፎ ነው፤ ሲከሰት ግን ብዙውን ጊዜ ይገድላል። ለዚህ ነው አቅሙ ያላቸው አገሮች የቅርብ ዘመድ ደም ጨረር ሳያሳልፉ የማይሰጡት። ዘመድ መሆን ብቻውን መድኃኒት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባላስፈለገ።

ልብን በተመለከተ ደግሞ መልሱ ከ50 ዓመት በፊት ተሰጥቷል፤ ያውም ከደቡብ አፍሪካ። ክርስቲያን ባርናርድ ኬፕታውን በግሩት ስኩር ሆስፒታል ሁለተኛውን የልብ ንቅለ ተከላውን ያደረገው እ.ኤ.አ. ጥር 2 ቀን 1968 ነበር። ተቀባዩ ፊሊፕ ብላይበርግ ነጭ የጥርስ ሐኪም ነው። ለጋሹ የአፓርታይድ ሕግ «ክልስ» ብሎ የመደበው ወጣት ነው። ሕጉ ሁለቱ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ እንዳይቀመጡ ይከለክል ነበር። ልቡ ግን የነጩ ደረት ውስጥ 19 ወር ሠራ። በዚያ ዘመን መድኃኒት፣ በዚያ ዘመን እውቀት! «የአገር ልጅ ልብ ካልሆነ» ለሚል ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይቅረብ?

የደም ዓይነቱን ነገር ጸሐፊው ግማሹን አግኝተውታል። ኤ፣ ቢ፣ ኤቢና ኦ የሚባለው ቀልድ የለውም። ምልክቶቹ ቀይ ሴል ላይ ብቻ ሳይሆን የደም ሥር ግድግዳ ላይም ስላሉ፣ የማይስማማ ልብ ሲገባ በደም ውስጥ የነበረው አንቲቦዲ (ሰውነት እንግዳን የሚያጠቃበት ፕሮቲን) ወዲያው ያጠቃዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ደሟ ኦ ለሆነ የ17 ዓመት ልጅ ከኤ ሰው የመጣ ልብና ሳንባ በስህተት ተተከለላት። ሁለተኛ ቢተከልላትም አልተረፈችም። ግን መስማማት ማለት አንድ መሆን ማለት አይደለም። የኦ ሰው ልብ ለሁሉም ሊሆን ይችላል፤ ኤቢ የሆነ ታካሚ ደግሞ ከሁሉም ሊቀበል ይችላል። ፖዘቲቭ ኔጌቲቩማ ጭራሽ ከምርጫው ውጭ ነው። አርኤች የሚባለው ምልክት ያለው ቀይ ሴል ላይ እንጂ የልብ ጡንቻና ደም ሥር ላይ አይደለም። ሕፃናት ላይ ደግሞ የኤቢኦው ደንብ ራሱ ይላላል፤ ገና አንቲቦዲውን ስላላመረቱ የማይስማማ የሚመስል የደም ዓይነት ያለው ልብ ሲተከልላቸው ይቀበሉታል። ቶሮንቶ ያሉ ሐኪሞች ይህን እ.ኤ.አ. በ2001 አሳትመዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጸሐፊው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚጠይቁት «ይመሳሰላሉ ወይ?» ብለው ነው። ልብ ላይ ወሳኙ ጥያቄ ሌላ ነው፤ «የተቀባዩ ደም በዚህ ልብ ላይ አስቀድሞ ቂም ይዟል ወይ?» ነው። ቂም የምለው አንቲቦዲን ነው።

ይህን እኛ በየቀኑ የምናየው በደም ነው። የታካሚውን ሴረም (ሴሎቹ ሲወጡ የሚቀረውን የደም ፈሳሽ) ሁለት ጠብታ ቱቦ ውስጥ አደርጋለሁ። የለጋሹን ቀይ ሴል በጨው ውሃ አጥቤ፣ አቅጥኜ አንድ ጠብታ እጨምርበታለሁ። 37 ዲግሪ ላይ ይቆያል። ይታጠባል፣ አንቲቦዲ የተለጠፈባቸውን ሴሎች እርስ በርስ የሚያያይዘው የኩምስ ሪኤጀንት ይገባበታል፣ ሴንትሪፉጁ ያዞረዋል። ከዚያ ቱቦዋን መብራት ፊት ይዤ በጣቴ ቀስ እያልኩ መታ መታ አደርጋታለሁ። ታች የተቀመጠው ቀይ ነገር ለስልሶ ከተበተነ ደሙ ይሄዳል። ቋጠሮ ቋጠሮ ሆኖ ከተነሳ አይሄድም፤ የደም ዓይነታቸው አንድ ቢሆንም አይሄድም። ቤተሰብ በር ላይ ቆሞ «ሁለቱም ኦ ናቸው እኮ!» እያለ ሲቆጣ ይህን ማስረዳት መከራ ነው።

ለልብም ሐሳቡ ያው ነው። ልዩነቱ በቀይ ሴል ፈንታ የለጋሹ ነጭ የደም ሴል መሆኑ ነው። ፓቴልና ቴራሳኪ እ.ኤ.አ. በ1969 ኩላሊት ላይ ባወጡት ጥናት፣ ክሮስማች የሚባለው ይኸው ምርመራ ፖዘቲቭ ከነበረባቸው (ማለትም አንቲቦዲ ከታየባቸው) 30 ንቅለ ተከላዎች 24ቱ ወዲያው ተበላሹ። ኔጌቲቭ ከነበረባቸው 195 ውስጥ ግን 8 ብቻ። ልብ ላይ ቂም ያለው ደም ሲገባ፣ ታካሚው ገና ጠረጴዛው ላይ እያለ፣ ሐኪሞቹ ፊት ልቡ ይጠቁራል፣ ያብጣል፣ መምታት ያቅተዋል። ዛሬ ግን ልቡ ከመምጣቱ በፊት ይታወቃል። የታካሚው አንቲቦዲ ከየትኛው ኤችኤልኤ ጋር እንደሚጣላ ቀድሞ ተመርምሮ ይመዘገባል። የለጋሹ ዓይነት ሲደርስ መዝገቡ ከመዝገቡ ጋር ይተያያል። ብዙ ልዩነት ያለው ልብ አንቲቦዲ ከሌለ ያልፋል። በጣም የሚቀራረብ ልብ በአንዲቷ ልዩነት ላይ ጠንካራ አንቲቦዲ ካለ ሊወድቅ ይችላል። «መመሳሰል» የሚለው ክርክር ውሃ የማያነሳው ለዚህ ነው።

የሴቶቹ ነገርም የሚፈታው እዚሁ ጋ ነው። ጸሐፊው አንድ እውነተኛ ነገር አይተዋል፤ ምክንያቱን ግን በተፈጥሮ ላይ ጣሉት። ሴት ስታረግዝ የሕፃኑ ግማሽ ኤችኤልኤ የአባቱ ነው። በእርግዝናና በወሊድ ጊዜ ትንሽ የሕፃኑ ደም ወደ እናቲቱ ይገባል። ሰውነቷ ያንን እንግዳ ሊመዘግብ ይችላል። ደጋግማ የወለደች ሴት ብዙ ዓይነት አንቲቦዲ ሊኖራት ይችላል፤ ልብ ብትፈልግ የሚስማማትን ማግኘት ይከብዳል። ይህ ግን ሴት በመሆኗ አይደለም። ወልዳ የማታውቅ፣ ደም ወስዳ የማታውቅ ሴት ብዙውን ጊዜ የለባትም። ደጋግሞ ደም የወሰደ ወንድ ደግሞ ሊኖርበት ይችላል። ያለባቸውም ቢሆኑ በር ተዘጋ ማለት አይደለም። አንቲቦዲውን ከደም አጥቦ የማውጣትና የማዳከም ሕክምና አለ። አስቸጋሪ ነው፣ ውድ ነው፣ ሁልጊዜ አይሳካም። ግን አለ።

መድኃኒቱ ጋ ስንደርስ ጸሐፊው ነገሩን ገልብጠውታል። ያለ መድኃኒት የሚኖር የተተከለ አካል ማየት ከፈለጉ መንታ ይፈልጉ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 23 ቀን 1954 ጆሴፍ መሬይ ቦስተን ውስጥ የተከለው ኩላሊት ከአንድ እንቁላል ከተገኘ መንታ ወንድም የተሰጠ ነበር፤ ሰውነት እንደ እንግዳ አላየውም። ከዚያ ውጭ ያለ ሰው፣ ኤችኤልኤው ሙሉ በሙሉ የተመሳሰለ ወንድም እንኳ ቢሆን፣ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ሌሎች ጥቃቅን ልዩነቶች አሉና። ስለዚህ ክኒኑ የሽንፈት ወረቀት አይደለም፤ ሕክምናው ራሱ ነው።

ታሪኩም ይህንኑ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1968 ብቻ በዓለም ዙሪያ 100 ገደማ የልብ ንቅለ ተከላ ተደረገ። አብዛኞቹ ታካሚዎች ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ሆስፒታሎቹ አንድ በአንድ ተዉት። ከጥቂቶች ጋር የቀጠለው አሜሪካ ውስጥ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነበረው የቀዶ ጥገና ሐኪም ኖርማን ሻምዌይ ነበር። ከዚያ ኖርዌይ ከተወሰደ አፈር ውስጥ ከተገኘ ፈንገስ ሳይክሎስፖሪን የሚባለው፣ ሰውነት የተተከለለትን እንዳይጣላ የሚያደርገው መድኃኒት መጣ፤ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1983 ተፈቀደ። ንቅለ ተከላው ተመልሶ ነፍስ ዘራ። አሁን ከ100 ታካሚዎች 85 እና ከዚያ በላይ የሚሆኑት የመጀመሪያውን ዓመት ያልፋሉ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከ10 ዓመት በላይ ይኖራሉ። በ1982 እንግሊዝ ሄርፊልድ ሆስፒታል የተተከለለት አንድ ሰው 33 ዓመት ኖሯል። እስኪ ጸሐፊው ይንገሩን፤ ከ1968 እስከ 1988 የሰው ህብረ ህዋስ ተቀራረበ እንዴ? የተለወጠው መድኃኒቱና ክትትሉ ነው።

እርግጥ መድኃኒቱ ነፃ ምሳ አይደለም። ከክኒኖቹ አንዱ ታክሮሊመስ ኩላሊት ይጎዳል። ሌላው ፕሬድኒሶሎን ስኳር ያመጣል። ሁሉም ተደምረው ሰውን ለኢንፌክሽን ያጋልጣሉ። ቲቢ እንደ ልብ በሚገኝበት አገር ደግሞ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በደም ውስጥ ያለው የመድኃኒት መጠን በየጊዜው መለካት አለበት። «ተመልሶ ሐዋሳ ቢመጣ መድኃኒቱንም ምርመራውንም ያለማቋረጥ ያገኛል ወይ?» ብለው ቢጠይቁ ኖሮ ጥያቄው ትልቅ ነበር፤ እኔም አብሬያቸው እጠይቅ ነበር። እሳቸው የጠየቁት ግን ያንን አይደለም።

የመጀመሪያው ታካሚ ሉዊስ ዋሽካንስኪም እንደ ተባለው ከ18 ቀን በኋላ ሞቷል። የገደለው ግን የሳንባ ምች ነው። ልቡ እስከ መጨረሻው ጥሩ ይመታ ነበር። ሰውነቱ ልቡን እንዳይጣላ ተብሎ የተሰጠው መድኃኒት መከላከያውን ስላዳከመው፣ የሳንባ ምች ሲመጣ የሚቋቋምበት አቅም አጣ። ጸሐፊው ያቀረቡት ማስረጃ ተቃራኒውን ነው የሚመሰክረው።

አሳማው ላይ ብዙ አልቆይም። ጽሑፏ መጀመሪያ ላይ «የሌላ አገር ሰው ልብ እንኳ አይሆነንም» ትላለች፤ መጨረሻ ላይ የአሳማ ልብ ይሆነናል ትላለች። አንዱን ይምረጡ። እ.ኤ.አ. ጥር 2022 ሜሪላንድ ውስጥ የተተከለው የአሳማ ልብ 10 የጂን ለውጥ ተደርጎበት ነበር። ከለውጦቹ መካከል የሰው ደም አስቀድሞ ቂም የያዘባቸውን ሦስት ምልክቶች ማጥፋት ይገኝበታል። ታካሚው ሁለት ወር ኖረ። በ2023 ሁለተኛው ስድስት ሳምንት ገደማ። የህብረ ህዋስ ጣጣ እዚያ አላበቃም፤ በረታ እንጂ። ከአሳማ የሚሠራው የልብ ቫልቭ ሌላ ነገር ነው። እሱ በኬሚካል የታከመ፣ ሕይወት የሌለው ስለሆነ የመከላከያ ክኒን አይጠይቅም። (የሃይማኖቱን በኩል ለአባቶችና ለሼኾች ልተወው።)

የቀረው የገንዘቡ ነገር ነው። ውጭ አገር ሄዶ ልብ ማግኘት ለእኛ ሰው በጣም ከባድ መሆኑን ጸሐፊው ማለታቸው ልክ ነው፤ ምክንያቱ ግን ዘራችን አይደለም። ልብ ጥቂት ነው፣ ፈላጊው ብዙ ነው፣ አብዛኞቹ አገሮች ለዜጎቻቸው ቅድሚያ ይሰጣሉ። ተራ እስኪደርስ ሆስፒታሉ አጠገብ መኖር ያስፈልጋል፤ ከተተከለም በኋላ እንዲሁ። በዚያ ላይ እኛ ጋ ከሚመጡት የልብ ሕመምተኞች ብዙዎቹ ከጉሮሮ ሕመም የተነሳ የልብ በራቸው የተበላሸ ወጣቶች ናቸው። የሚያስፈልጋቸው የልብ በር ጥገና ወይም ቅየራ ነው፤ ሙሉ ልብ አይደለም። ቤተሰብ ገንዘብ ማሰባሰብ ከመጀመሩ በፊት «ልጃችን የሚያስፈልገው የትኛው ነው?» ብሎ ሐኪሙን በግልጽ ይጠይቅ።

እውነትም ለንቅለ ተከላ የሚታሰብ ሰው ካለ ደግሞ አንድ ነገር ከወዲሁ ይያዝ። ከዚህ በፊት ደም ወስዶ ከሆነ መቼ፣ የት፣ ስንት ከረጢት እንደሆነ በወረቀት ይጻፍ። ሴት ከሆነች ያስወረዳት ሳይቀር እርግዝናዎቿ ሁሉ ይጻፉ። ከዚህ በኋላ ደም ካስፈለገ፣ ነጭ ሴሉ ተጣርቶ የወጣለት ደም ይገኝ እንደሆነ ይጠየቅ፤ የማያስፈልግ ደም ደግሞ ባይሰጥ ይመረጣል። ምርመራውን የሚሠራው ላቦራቶሪ ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው ይህንን ነው።